በካማሺ ስለ ተለካው ክብ ግራፍ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የምናገርበት ጉዳይ ለመሐንዲሶች ስብሰባ ጥቂት ቀለል ያለ መስሎ እንደሚታያችሁ አልጠራጠርም። ከእኔ በፊት የተናገሩት ባልደረቦች ስለ ድልድይ፣ ስለ ከርሠ ምድር ውሃና ስለ ኤሌክትሪክ መሥመር ያደረጉትን ጥናት አቅርበዋል። እኔ የማቀርበው ግን በየሪፖርታችን መካከል ስለምናስገባው ሥዕል ነው፤ ይኸውም በኮምፒዩተር የሚሠራው፣ ውፍረት ያለው መስሎ ዘንበል ብሎ የሚታየው፣ ብዙዎቻችን «ስሪዲ ፓይ ቻርት» የምንለው ባለ ሦስት አውታር ክብ ግራፍ ነው። ሥዕሉን መሥራት ቀላል ነው፤ አንድ መሥመር ትእዛዝ ይበቃዋል። ስለ እርሱ ለመናገር ያነሣሣኝ ግን ቀላልነቱ ሳይሆን፣ ካማሺ ከተማ ውስጥ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር የተማሪ ፕሮትራክተር ከኪሳቸው አውጥተው ሥዕሌን ስለ ለኩብኝ ነው።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በዚያን ጊዜ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በውሃ ሥራ ከተሰማሩት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ውስጥ እሠራ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ የመሥሪያ ቤቱን ስም ማንሣት አያስፈልግም። የእጅ ፓምፕ የሚተከልባቸውን ጕድጓዶች በየዞኑ የሕዝብ ብዛት ልክ ለማከፋፈል ረቂቅ ዕቅድ ተዘጋጅቶ ነበርና፣ ረቂቁን ለየዞኑ ተወካዮች እየዞርሁ እንዳስረዳ ታዘዝሁ። መጀመሪያ የደረሰኝ ካማሺ ነበር።

ካማሺን ላላያችሁ ጥቂት ልበል። ዞኑ ከዓባይ በስተ ደቡብ የሚገኝ ሲሆን፣ ወንዙ ከመተከል ይለየዋል፤ በሌላው ወገን ከወለጋ ጋር ይዋሰናል። አብዛኛው ነዋሪ የጉሙዝ ሕዝብ ነው። ከክልሉ ርእሰ ከተማ ከአሶሳ ተነሥቶ በመኪና ወደ ካማሺ የሚሄድ ሰው የወለጋን ምድር አቋርጦ እንጂ በክልሉ መሬት ላይ ብቻ ተጉዞ አይደርስም። ከመስከረም 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአካባቢው በተነሣው ግጭት መንገዱ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ፣ ብዙ ሺህ ሰዎችም ከቀያቸው ተፈናቅለው ነበር። እንዲህ ያለውን ጊዜ ባሳለፈ አገር ስለ ድርሻ የሚቀርብ ሥዕል ለግድግዳ ጌጥ የሚሆን ሥዕል አይደለም። ሰዉ ቀርቦ ያየዋል፤ ደግሞም ይለካዋል። እኔ ይህን ሳላስብ ነው የሄድሁት።

ያቀረብሁት ቁጥር በ1999 ዓ.ም. ከተደረገው ከሦስተኛው የሕዝብና የቤት ቆጠራ የተወሰደ ነው። በዚያ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 784,345 ነበር። ከዚህ ውስጥ በቀረበ ቁጥር አሶሳ ዞን 311 ሺህ፣ መተከል ዞን 276 ሺህ፣ ካማሺ ዞን 102 ሺህ፣ በዚያን ጊዜ ልዩ ወረዳ የነበሩት ማኦ ኮሞና ፓዊ በአንድነት 96 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራቸው። ከመቶ ሲሰላ አሶሳ 39.6፣ መተከል 35.2፣ ካማሺ 12.9፣ ሁለቱ ልዩ ወረዳዎች 12.2 ይሆናል። ድምሩ 99.9 ነው፤ የጎደለችው አንድ አሥረኛ ከማጠጋጋት የመጣች ናት። በስብሰባው ላይ ስለ እርስዋም ተጠይቄአለሁ።

እነዚህን አራት ቁጥሮች ወደ ሥዕል የለወጥሁት በአር የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ለአር ከተጻፉት ብዙ ላይብረሪዎች አንዱ ፕሎትሪክስ ይባላል፤ በውስጡም «ፓይ ስሪዲ» የተባለ ትእዛዝ አለ። ቁጥሮቹን፣ ስሞቹንና ቀለሞቹን ስትሰጡት ሥዕሉን ሠርቶ ያቀርባል። ሌላ ነገር ካላዘዛችሁት ሥዕሉን ከአድማስ 30 ዲግሪ ከፍ ብሎ እንደሚመለከት ሰው አድርጎ ያሳያል። እኔም ይህን ሳልነካ ተውሁት። ውፍረቱን ግን አሳነሰብኝ ብዬ የራዲየሱን ሩብ ያህል አደረግሁት፤ የበለጠ ያማረ መስሎ ስለ ታየኝ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ላይብረሪው ከውስጥ የሚሠራውን ብዙዎቻችን አንመለከተውም፤ ለመሐንዲስ ግን ማየቱ ደስ ያሰኛል፤ ስሕተቱም የሚገኘው እዚያው ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ቁጥር ለድምሩ አካፍሎ በ360 ዲግሪ ያባዛል። በዚህ ሒሳብ የካማሺ ማዕዘን 46 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። ቀጥሎ በክቡ ዙሪያ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነጥብ በኮሳይንና በሳይን ያስቀምጣል፤ ከዚያም የነጥቡን ቁመት ብቻ በተመልካቹ ማዕዘን ሳይን ያባዛዋል። የ30 ዲግሪ ሳይን ግማሽ ስለሆነ ወርዱ ሳይነካ ቁመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ክቡም ሞላላ ይሆናል። ማዘንበል የሚባለው ይህ ብቻ ነው። ውፍረቱን ለማሳየት ደግሞ ያንኑ ሞላላ ወደ ታች አውርዶ በሁለቱ መካከል ግድግዳ ያቆማል። ግድግዳው የሚታየው በፊት ለፊት በኩል ነው፤ በማዕዘን ሲነገር ከ180 እስከ 360 ዲግሪ ባለው ግማሽ ማለት ነው። በስተ ኋላ ያለው ግድግዳ በራሱ በክቡ ተሸፍኖ ይቀራል። የ180ን ወሰን የሚያቋርጥ ቁራጭ ቢኖር ፕሮግራሙ ግድግዳውን ለሁለት ከፍሎ የሚታየውን ብቻ መሣል አለበት። በመጨረሻም ሠዓሊ መጀመሪያ የኋላውን ተራራ፣ ከዚያ በኋላ የፊቱን ዛፍ እንደሚቀባ፣ ፕሮግራሙም የራቀውን ቁራጭ አስቀድሞ የቀረበውን በላዩ ይደርባል፤ የግድግዳውንም ቀለም ጥቂት ያጠቍረዋል። ቁራጮቹ ተነጣጥለው እንዲታዩ ከታዘዘ ሥራው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ቀድሞ ያልታየው የውስጥ ጎን ይገለጣልና ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ የኋላው ቁራጭ በፊተኛው ላይ ወጥቶ ይታያል። አንዳንድ ላይብረሪዎች እስከ ዛሬ በዚህ ይሰናከላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ያቀረብነው ቁጥር ለየዞኑ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በማዕዘን ተነግሮ አልቋል። ውፍረቱ ለሁሉም እኩል ስለሆነ የሚናገረው ቁጥር የለውም። ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት ያለው ሣጥን ሦስቱም ይለካሉ፤ በዚህ ክብ ግን ሦስተኛው አውታር የመጣው ከፕሮግራሙ እንጂ ከሕዝቡ ቆጠራ አይደለም።

ቁራጮቹን የደረደርሁት በፊደል ተራ ነበር፦ ልዩ ወረዳዎች፣ መተከል፣ አሶሳ፣ ካማሺ። ይህ ማንንም አያስቀይምም፣ ማንንም አያስቀድምም ብዬ ነበር። ፕሮግራሙ ከቀኝ፣ በሰዓት ገጽ ላይ 3 ካለበት ቦታ ተነሥቶ በሰዓት አዟዟር ተቃራኒ ይሄዳል። ስለዚህ ልዩ ወረዳዎቹ በቀኝ ወደ ኋላ፣ መተከል በሙሉ ከኋላ፣ አሶሳ ከግራ ጀምሮ የፊቱን አብዛኛ ክፍል ይዞ፣ ካማሺም በቀኝ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም፤ የፊደል ገበታው ነው ያደረገው።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። ሥዕሉ በኮምፒዩተሬ ላይ ባለ አራት ቀለም ነበር። ለተሰብሳቢው የታደለው ግን ፎቶ ኮፒ በመሆኑ ቀለሞቹ ወደ ግራጫነት፣ ግድግዳው ደግሞ ወደ ጥቁርነት ተለውጦ ነበር። ንግግሬን ስጨርስ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመታት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው መጡ፤ ወረቀቱን ዘረጉና ፕሮትራክተራቸውን በክቡ መካከል አድርገው መነጽራቸውን እያስተካከሉ ለኩ።

«ልጄ፣ ይህ የእኛ የካማሺ ቁራጭ 28 ዲግሪ ነው» አሉኝ። «28 ለ360 ሲካፈል ከመቶ 8 እንኳ አይሞላም። ከጎኑ የጻፍኸው ግን 12.9 ይላል። ከሥዕልህና ከጽሑፍህ የትኛውን እንመን?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም እንደ ማንኛውም መሐንዲስ አስቀድሜ ሒሳቤን ልከላከል ተነሣሁ። «መምህር፣ ሥዕሉ ዘንበል ያለ ስለሆነ ማዕዘኑ በፕሮትራክተር አይለካም፤ መታየት ያለበት የላይኛው ገጽ ስፋት ነው። ቁመት ሁሉ በእኩል ስለ ተቀነሰ የቁራጮቹ የስፋት ድርሻ አልተለወጠም፤ ካማሺ አሁንም 12.9 ነው» አልኋቸው። የተናገርሁት ነገር በሒሳብ ትክክል ነው። ያን ጊዜም እውነት ነበር፤ ዛሬም እውነት ነው።

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያም ጣታቸውን በአሶሳ ቁራጭ ሥር ባለው ጥቁር ቀበቶ ላይ አስቀመጡ። «እሺ፣ በስፋት ይሁን። ይህ ጥቁሩ ታዲያ የማነው?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ስብሰባው ለማግሥቱ ተላለፈ።

በዚያ ሌሊት ባረፍሁበት ቤት፣ ከመብራት ይልቅ በእጅ ባትሪ ብርሃን፣ የሠራሁትን ሥዕል እንደ ሌላ ሰው ሥራ ቁጭ ብዬ መረመርሁት። ያገኘሁትን ውጤት ለእናንተ ማቅረብ የንግግሬ ዋና ጉዳይ ነውና ጥቂት ቁጥሮችን ብደረድር ታገሡኝ።

በመጀመሪያ ተመልካቹ ማዕዘን የሚያይ ሰው ነው እንበል፤ መምህሩ እንዳደረጉት ማለት ነው። በተንጋደደው ሥዕል ላይ አሶሳ 157፣ መተከል 150፣ ካማሺ 28፣ ልዩ ወረዳዎች 26 ዲግሪ ያህል ይይዛሉ። ከመቶ ሲመለስ አሶሳ 43.5፣ መተከል 41.6፣ ካማሺ 7.8፣ ልዩ ወረዳዎች 7.1 ነው። በዚህ ዓይን ያየ ሰው መተከልና አሶሳ እኩል ናቸው ማለት ይቀረዋል፤ በጎን የተቀመጡት ሁለቱ ግን ድርሻቸው በግማሽ ሊወርድ ምንም አልቀረውም።

ሁለተኛው ተመልካች ደግሞ ማዕዘን አይለካም፤ በወረቀቱ ላይ የፈሰሰውን ቀለም ያያል፤ ገጹንም ግድግዳውንም አንድ ላይ። ለእርሱ አሶሳ ከመቶ 50፣ መተከል 27፣ ካማሺ 13.6፣ ልዩ ወረዳዎች 9 ናቸው። አሶሳ በቆጠራው 39.6 ሳለ የሥዕሉን እኩሌታ ወሰደ፤ ምክንያቱም የፊቱን ግድግዳ አብዛኛውን ክፍል የያዘው እርሱ ነው። መተከል ከኋላ ተቀምጦ ስለ ነበር ከግድግዳው አንዲት ጋት አልደረሰውም። በቆጠራው ከአሶሳ የሚያንሰው በ4.4 ብቻ ነበር፤ በቀለም ግን እኩሌታ ሊሆን ጥቂት ብቻ አለፈው። የሚያስገርመው፣ ካማሺ በዚህ ልኬት ከድርሻው ጥቂት ትርፍ አግኝቷል።

እንግዲህ በአንድ ወረቀት ላይ ካማሺ በጽሑፍ 12.9፣ በማዕዘን 7.8፣ በቀለም 13.6 ነው። ሦስቱንም የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ያነበብሁት ግን አንዱን ብቻ ነበር።

ከዚያም የማወቅ ጉጉት ይዞኝ ሥዕሉን በሐሳቤ አዞርሁት። ለትእዛዙ የመነሻ ማዕዘን የሚሰጥበት ቦታ አለ፤ አንዲት ቁጥር ናት። በእርስዋ ካማሺን ልክ ከፊት መካከል ባደርገው የሚታየው ማዕዘን 81 ዲግሪ ይሆናል፤ ልክ በጎን ባደርገው ደግሞ 24 ዲግሪ። ትክክለኛው 46 ተኩል መሆኑን አትርሱ። ከፊት ያለው ካማሺ በቀለምም ከመቶ 19 ያህል ይይዛል፤ ልክ ከኋላ ያለው ግን 10 አይሞላም። የሕዝቡ ቁጥር ሳይነካ፣ አንድም ሐሰት ሳይጻፍ፣ አንዲት የመነሻ ማዕዘን በመለወጥ ብቻ ድርሻው በእጥፍ ይነሣል ይወድቃል። ድፎ ዳቦ ከመሶብ ላይ ሲቈረስ ከፊት የተቀመጠ ሰው ቅርፊቱንም ውስጡንም ያያል፤ ከማዶ ላለው ቁራሽ ግን የላዩ ብቻ ነው የሚታየው። በዳቦው ጊዜ ግን ሁሉም ቁራሹን በእጁ ይዞ ይመዝነዋል፤ በሥዕሉ ጊዜ ይህ የለም።

በኋላ መጻሕፍት ስመረምር መምህሩ ያሉትን ነገር የሚያጠና ሙያ እንዳለ ተረዳሁ። ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማጊል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የስታቲስቲክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ከሥዕል ላይ ቁጥር ሲያነቡ በምን በምን እንደሚሳሳቱ ፈትነዋል። በአንድ የጋራ መሥመር ላይ የተቀመጠን ነጥብ ዓይን በሚገባ ይለካል፤ ርዝመትና ማዕዘን ቀጥለው ይመጣሉ፤ ስፋት ከዚያ በታች ነው፤ ይዘት ደግሞ ከስፋትም በታች። እንግዲህ ተራው ክብ ግራፍ መካከለኛ ቦታ ይዞ ሳለ፣ ውፍረት ስንጨምርበት ተመልካቹን ወደማይችለው ልኬት ዝቅ እናደርገዋለን ማለት ነው።

ክብ ግራፍ ራሱ ከሙያችን የራቀ ሰው የፈጠረው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1801 በመጽሐፍ ያወጣው እስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር ነው፤ እርሱም በወጣትነቱ የእንፋሎት ሞተርን ላሻሻለው ለጄምስ ዋት ንድፍ እየሠራ ያገለግል ነበር። የኦቶማን ቱርክ መንግሥት ግዛት በእስያ፣ በአውሮፓና በአፍሪካ ምን ያህል እንደሆነ በአንድ ክብ ከፋፍሎ አሳየ። ፈረንሳዊው ሲቪል መሐንዲስ ሻርል ዦዜፍ ሚናርም እ.ኤ.አ. በ1858 ከየአውራጃው ወደ ፓሪስ የሚላከውን ሥጋ በካርታ ላይ በትንንሽ ክቦች አመልክቷል። የሁለቱም ክቦች ጠፍጣፋ ናቸው። ማዘንበሉንና ማወፈሩን የጨመርነው እኛ የኮምፒዩተር ዘመን ሰዎች ነን።

ይህ የገጠር ስብሰባ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ አንድ የታወቀ ነገር ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 የአፕል ኩባንያ መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ በሳን ፍራንሲስኮ ባደረገው ዝነኛ ንግግር የስማርት ስልኮችን ገበያ በባለ ሦስት አውታር ክብ ግራፍ አሳይቶ ነበር። የአፕል ድርሻ 19.5፣ «ሌሎች» የተባሉት ድርሻ 21.2 ነበር። ሆኖም የአፕል ቁራጭ ከፊት፣ የሌሎቹ ከኋላ ስለ ተቀመጠ ያነሰው በልጦ ታየ። ቁጥሩ ተጽፎበት ነበር፤ እንደ እኔው ማለት ነው። በዚያ አዳራሽ ፕሮትራክተር የያዘ ሰው እንደ ነበረ አልሰማሁም።

ከእናንተ መካከል «ታዲያ አለቃዬ ስሪዲ ካልሆነ አልቀበልም ቢለኝስ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እኔም ብዙ ጊዜ ደርሶብኛል። ጠፍጣፋ ሥዕል ያልተለፋበት ይመስላቸዋል። ላይብረሪዎቹም በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። በጉግል ቻርትስ አንዲት ምርጫ «እውነት» ብሎ መለወጥ ብቻ ይበቃል፤ ሃይቻርትስ ተጨማሪ ፋይል ያስጠራል፤ በፓይተን የሚሠሩ ባልደረቦች የሚያዘወትሩት ማትፕሎትሊብ ግን ጠፍጣፋውን ክብ ይሣላል፣ ጥላም ይሰጣል እንጂ ባለ ሦስት አውታር ክብ ግራፍ የሚሠራ ትእዛዝ የለውም። የግድ ከሆነባችሁ የመመልከቻውን ማዕዘን ከ30 ወደ 60 ዲግሪ ከፍ አድርጉት፤ ውፍረቱንም ከራዲየሱ ሃያኛ አታሳልፉ። በዚህ ልክ የካማሺ ቁራጭ የትም ቢቀመጥ ማዕዘኑ ከ41 እስከ 53 ዲግሪ ባለው መካከል ይሆናል፤ ቀለሙም ከመቶ 12.5 እስከ 13.9 ነው። ይህ የሚታገሡት ስሕተት ነው። እርግጥ ነው፣ በዚያን ጊዜ ሥዕሉ ጠፍጣፋ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ አለቃውም ያንን ያስተውል ይሆናል። ቁራጮቹን ነጣጥላችሁ አትበትኑ፤ በፎቶ ኮፒ የሚባዛ ከሆነም ቀለሙን በግራጫ አስቀድማችሁ ሞክሩት። ከሁሉም ይልቅ ከማተማችሁ በፊት የመነሻውን ማዕዘን ለውጣችሁ ሁለት ጊዜ ሣሉት፤ ሁለቱ ሥዕሎች የተለያየ ነገር ከተናገሩ አንዱንም አታቅርቡ።

በማግሥቱ ጧት ወደ ስብሰባው ስመለስ መብራት ስላልነበረ ኮምፒዩተሩን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። ከመሥሪያ ቤቱ ፍሊፕ ቻርትና ወፍራም እስክሪብቶ ተዋስሁ፤ መምህሩንም ማስመሪያ እንዲይዙልኝ ለመንኋቸው። ለእያንዳንዱ ከመቶ አንድ እጅ አንድ ሴንቲ ሜትር ሰጥቼ፣ ሁሉንም ከአንድ የግራ መሥመር አስነሥቼ፣ አራት አግድም ዘንጎች ሣልሁ። አሶሳ 39 ሴንቲ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር፤ መተከል 35 ከ2፤ ካማሺ 12 ከ9፤ ልዩ ወረዳዎች 12 ከ2። ሥራው የወሰደብኝ ጊዜ አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ካማሺና ልዩ ወረዳዎቹ በሰባት ሚሊ ሜትር ብቻ እንደሚለያዩ ከኋላ የተቀመጠው ሰው እንኳ ከወንበሩ ሳይነሣ አየ። በፊት የተቀመጡ አንዲት የወረዳ ተወካይ «ትናንት በወረቀቱ ላይ አሶሳ ሁሉን የያዘ መስሎኝ ነበር» አሉ። ሌላው ደግሞ መተከል ከአሶሳ የሚያንሰው ይህን ያህል ብቻ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ ትናንት ማንም አልጠየቀውም ነበር፤ ሥዕሌ እንዲጠየቅ ስላላደረገው ነው።

መምህሩ አራቱንም ዘንጎች አንድ በአንድ በማስመሪያቸው ለክተው ከጨረሱ በኋላ ማስመሪያውን ከጠረጴዛው ላይ አኖሩና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

«መሥመሩ ልክ ነው» አሉ። «እንግዲህ ወደ ቁጥሩ እንግባ። ይህ የ1999 ቆጠራ ነው። አራተኛው ቆጠራ በ2011 ይደረጋል ተብሎ ተራዘመ። በመካከሉ ስንት ሰው ከዚህ እንደ ወጣና ስንት እንደ ተመለሰ እዚህ የተቀመጥነው እናውቃለን፤ 12 ከ9 የሚለው ዘንግህ ግን አያውቅም። ከየወረዳው የያዝነውን መዝገብ እናቅርብልህ፤ አንተም ጻፍ።»

ከአጋሎ ሜጢ፣ ከያሶና ከሌሎቹም ወረዳዎች የመጡት ተወካዮች ደብተራቸውን አወጡ። እኔም አዲስ ገጽ ገልብጬ በግራ በኩል አንድ ቀጥ ያለ መሥመር አሰመርሁ፤ እስከ ምሳ ሰዓትም ስንጽፍ ቆየን።